አንድ ኪቦርድ፣ ሦስት ልጆች

ባለፈው መስከረም ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ስማ፣ አንተ ትንሽ ሙዚቃ ታውቅ የለ? ከሦስቱ የትኛውን ላስተምር?» አለችኝ።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፤ መሐለኛው 9፣ ትንሹ 6። ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ማዶ አንድ ሙዚቀኛ ቤት ተከራይቶ ኪቦርድና ክራር ማስተማር ጀምሯል። ሦስቱም «እንማር» ብለው ይዘዋታል። ሄዳ ዋጋ ጠየቀች፣ በሦስት አባዛችው፣ ከቤት ኪራያቸው ግማሽ በላይ ሆነባት። ባሏ ሹፌር ነው፤ እሷ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ናት። «አንዱን እንደምንም እችላለሁ» አለችኝ። «ሁለተኛውን ካልኩ ከአስቤዛ ላይ ነው የምቀንሰው። ሦስቱማ አይታሰብም። ዕጣ ላውጣ እንዴ?»

«እስቲ ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልስ ያጣሁት ግን ጥያቄው አዲስ ሆኖብኝ አልነበረም። እኛ ቤት ከ24 ዓመት በፊት ተጠይቋል። ያኔ የተመረጠው ልጅ እኔ ነበርኩ። ሳይመረጡ ከቀሩት አንዷ እሷ ናት።

ጆሮ ያለው ልጅ

አራት ልጆች ነበርን። እማዬ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ አባቴ ጥበቃ ነበር። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ አክስታችን በመንገደኛ አንድ ኪቦርድ ላከችልን። ትልቅ አይደለም፤ ለሰፈሩ ልጆች ግን ተአምር ነበር። ከዕቃው ጋር የመጣው መልእክት አጭር ነው፦ «ሁሉም ይማሩበት።»

እማዬ አስተማሪ አፈላልጋ አገኘች፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የአንድ ልጅ ዋጋ ነገራት። ዝም ስትል ጊዜ፣ «ሁለተኛ ልጅ ካመጡ እሱን በግማሽ አደርግልዎታለሁ» አላት። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ላይ ሩብ ሰዓት የምትከራከር ሴት እዚያ ላይ አንድ ቃል አልተከራከረችም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እሱም ልጆች አሉት» ብቻ አለች።

ስለዚህ አንድ ልጅ ሆነ። ማን? «ይሄ ልጅ ጆሮ አለው» ተባለ። 8 ዓመቴ ነበር፤ ያገኘሁትን ጀሪካን ስደበድብ፣ ከሬዲዮ የሰማሁትን ሳፏጭ ነበር የምውለው። ማስረጃው በጆሯችን የምንሰማው ነበር። እህቴ ያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊጥ ታቦካለች፣ ምጣድ ታስሳለች፣ የተጋገረውን ትቆጥራለች። እሷ ጆሮ ይኑራት አይኑራት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጀሪካን ለመደብደብ ሥራ የፈታ እጅ ያስፈልጋላ!

ይህን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። «ተሰጥኦ» ብለን የምንጠቁመው ነገር ብዙ ጊዜ መታያ ያገኘ ተሰጥኦ ነው። እማዬ አላዳላችም፤ የታያትን መረጠች። ያልታያትን እንዳታይ ያደረጋት ግን ያው ቤቱ፣ ያው ሥራው ነው።

የባሰው ግን ከምርጫው በኋላ የሆነው ነው። ሁለት ዓመት ተማርኩ። ማታ ማታ ስለማመድ እህቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣና፣ «እስቲ ያቺን አሳየኝ» ትለኛለች። እኔም፣ «አትንኪው፣ ይበላሻል» እላት ነበር። አክስቴ «ሁሉም ይማሩበት» ብላ የላከችውን ኪቦርድ።

ዳቦና ትምህርት

እህቴ ከደወለች በኋላ ልሰጣት የምችላቸውን መልሶች አንድ በአንድ ደረደርኳቸው።

የመጀመሪያው «ወይ ሁሉም፣ ወይ ማንም» ነው። ብዙ ቤት የሚተዳደረው በዚህ ሕግ ነው። ለአንዱ ጫማ ተገዝቶ ለሌላው ሲቀር የሚነሳውን ልቅሶ የሚያውቅ ወላጅ ለምን እንደሚመርጠው ይገባኛል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት፦ አንደኛው ልጅ ስለቀረ ሁለቱ ምን አተረፉ? ማንም ካልተማረ ቅናት አይኖርም፤ ሙዚቃም አይኖርም።

ሁለተኛው «ገንዘቡን ለሦስት እናካፍለው» ነው። ለዳቦ ይሠራል። ትምህርት ግን እንደ ዳቦ አይቆረስም። ለእያንዳንዱ ልጅ አራት አራት ወር ቢደርሰው ጣቱ ቁልፎቹን መልመድ ሲጀምር ተራው ያልቃል። በዓመቱ መጨረሻ እህቴ በፍጹም እኩልነት ምንም ያልተማሩ ሦስት ልጆች ይኖሯታል።

ሦስተኛው እሷ ያለችው ዕጣ ነው። ዕጣን አልንቅም። ወላጅን ከጸጸት ያድናል፤ «ከእኔ እሱን አስበለጥሽ» የሚል አይኖርም። ዕቁብ የምንገባውም ዕጣን ስለምናምነው ነው። ልዩነቱ ግን ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልወጣለት ሰው ነገ ይወጣለታል፤ ዙሩ ሳያልቅ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም። የእህቴ ዕጣ ሁለተኛ ዙር የለውም። ዙር የሌለው ዕጣ ደግሞ ፍትሕ መሆኑ ቀርቶ ዕድል ብቻ ይሆናል።

አራተኛው «ለሚችለው ይሰጠው» የሚለው የእማዬ መልስ ነው። ይሄ እንኳን ዕድሜ ጠገብ ነው። አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ፣ ዋሽንት ሲታደል የተሻለው ዋሽንት የሚገባው የተሻለ ለሚነፋው ነው እንጂ የተሻለ ዘር ላለው ወይም ለመልከ መልካሙ አይደለም ይላል። ባላባት ሁሉ ሁሉንም ልውሰድ በሚልበት ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ግን አርስቶትል የሚያወራው መንፋት ስለሚችሉ አዋቂዎች ነው። ገና ዋሽንት ነክተው የማያውቁ ልጆች መሐል ማን የተሻለ ነፊ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በጀሪካን?

ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅና ፈላስፋ አማርትያ ሴን ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ዘ አይዲያ ኦፍ ጀስቲስ» በተሰኘ መጽሐፉ አንድ ዋሽንት ሦስት ልጆች መሐል ያስቀምጣል። አንደኛዋ «መንፋት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። ሁለተኛው «እኔ ድኻ ነኝ፤ ሌላ መጫወቻ የለኝም» ይላል። ሦስተኛዋ «ለወራት ለፍቼ የሠራሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ሴን እንደሚለው የሦስቱም ክርክር ክብደት አለው፤ ሁሉም ቅን ሰው የሚስማማበት አንድ ፍጹም መልስ ላይገኝ ይችላል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተጽናንቼ ነበር። ሊቁ ያልፈታውን እማዬ በምን ትፈታው? ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሴን ዋሽንት ዕቃ ነው። አንዷ ስትወስደው ሁለቱ አጡት ማለት ነው። ትምህርት እንደዚያ አይደለም። ያን ጊዜ የተማርኩትን ለእህቴ ባሳያት ከእኔ የሚጎድል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ለሰው ማስረዳት የሞከረ ያውቀዋል፦ የገባህና ያልገባህ የሚለየው ያኔ ነው።

እንግዲህ «ለማን ይገባል?» የሚለው የጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «ያገኘውስ ምን ይጠበቅበታል?» የሚለው ነው። እኛ ቤት የመጀመሪያውን ጠይቀን ሁለተኛውን ረሳነው።

የናነርል ደብተር

በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ በጣም የታወቁት ወንድምና እህት የሞዛርት ልጆች ናቸው። አባታቸው ሊዮፖልድ ሳልዝበርግ ውስጥ በሊቀ ጳጳሱ ግቢ የሚሠራ ሙዚቀኛ ነበር። ከተወለዱለት ሰባት ልጆች ሁለቱ ብቻ አደጉ፦ በ1751 የተወለደችው ማሪያ አና፣ የቤት ስሟ ናነርል፣ እና በ1756 የተወለደው ቮልፍጋንግ። ሊዮፖልድ አስተማሪ አልቀጠረም፤ ራሱ አስተማረ። በ1759 ለልጅቷ የልምምድ ደብተር አዘጋጀላት። እህቱ ስትማር ሕፃኑ አጠገቧ ሆኖ ቁልፎቹን ይነካካ ነበር። ኋላ እሱም ከዚያው ደብተር ተማረ። ዓለም ሞዛርት ብሎ የሚጠራው ሰው የጀመረው በእህቱ ደብተር ነው።

ሁለቱም ልጆች ሳሉ አብረው አውሮፓን እየዞሩ ተጫወቱ። በ1769 መጨረሻ አባትና ወንድ ልጅ ወደ ኢጣልያ ሲሄዱ ግን የ18 ዓመቷ ናነርል ከእናቷ ጋር ቤት ቀረች። ደብተሩ ለሁለት በቅቶ ነበር፤ መንገዱ ለአንድ ሆነ። አግብታ፣ ባሏ ሲሞትባት ሳልዝበርግ ተመልሳ ፒያኖ ስታስተምር ኖረች።

ይህ ታሪክ ሁሌ የሚነገረን የአንድ ልዩ ልጅ ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ አሁን ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው። አንድ ትምህርት ለሁለት ልጅ ሲደርስ የሚሆነው ይታየኛል። መካፈሉ የት ላይ እንደሚቋረጥም ይታየኛል፤ ሴት ልጅ ላይ።

ማን ከፈለ?

ወደ አገራችን ስንመጣ ስለ ዜማ ተወርቶ ቅዱስ ያሬድ አይቀርም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የኖረው ያሬድ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ትምህርት አልገባ ብሎት ነበር። አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፈው ጥሎ ሄደ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ስትወጣ ስትወድቅ፣ ስትወጣ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ስትደርስ አየ። ከዚያ ተመለሰ።

ይህን ሁላችንም የሰማነው ስለ ጽናት ሲመከር ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጌዴዎን ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ ኖሮት «ጎበዙን ምረጥ» ቢባል ኖሮ ያሬድን አይመርጥም ነበር። ትሏ ብቻ አይደለችም ያሬድን ያሬድ ያደረገችው። ሲመለስ በሩ አልተዘጋበትም።

በሩ እንዴት ሳይዘጋ ይቆያል? በአብነት ትምህርት ቤት፣ በዜማ ቤት ይሁን በአቋቋም ቤት፣ መምህሩ ተማሪውን ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስጠናል። «ነፃ ነው» እንላለን። ነፃ ግን አልነበረም። የከፈለው መንደሩ ነው፤ ቁራሽ በቁራሽ። ልጁም ከፍሏል፤ በረሃብ፣ በብርድ፣ በውሻ ንክሻ። ለሴት ልጆች ደግሞ በሩ በአብዛኛው ዝግ ነበር። ስለዚህ «ወደዚያ እንመለስ» አልልም። ግን ሁለት ነገር አቆይቶልናል፦ ወጪው በአንድ ቤት ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ያወቀም ላላወቀው ያሳውቃል።

ከዘመናዊው ሙዚቃም ታሪክ አለን። በ1924 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ለነሐስ ባንድ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። የሚመራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች አስተማሪ ሆነ። ወላጅ እንኳን የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ ሊማሩ የቻሉት የሚከፍል ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። በእነሱ በኩል የገባው ደግሞ እነሱ ጋ አልቆመም።

ዛሬም ቢሆን ብዙ የከተማ ልጅ ድምፁን ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ማስማማት የሚማረው በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ዙሪያ፣ በኳየር ወይም መንዙማ ሲባል ነው። እዚያ ከአንድ ቤት አራት ልጅ ቢመጣ አራቱም ይገባሉ። በራስ የሚያስከፍል የለም።

ዕዳው የማን ነው?

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ራሴም አምንበታለሁ። ልጅን ባለዕዳ ማድረግ ልክ ነው? «አንተን ያስተማርንህ ለሁላችን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንቱን ሰው ሲያጎብጥ አይተናል። አክስቴ ቤሩት የሄደችው በዚሁ ዓረፍተ ነገር ነው። ኪቦርዱ የመጣው ከእሷ ወገብ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይህን መጫን ግፍ ነው።

እኔ የምለው ዕዳ ግን ሌላ ነው፤ ቀላል፣ ልክ ያለው፣ አስቀድሞ የተነገረ። «ታዋቂ ሆነህ አውጣን» አይደለም። «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ የተማርካትን ለእህትህ አሳያት» ነው። ይቺን ብቻ አንድ ሰው ቢለኝ ኖሮ እኛ ቤት ሁለት ተጫዋች ይኖር ነበር። ምናልባትም የተሻለችው እሷ ትሆን ነበር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ አስተማሪው ነው። «ለወንድምና እህት ቅናሽ» ሲባል ደስ ይለናል፤ ግን ቅናሹ ከሰማይ አይወርድም። ብዙ የሙዚቃ አስተማሪ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ሠርግ በሌለበት ወር፣ ጾም ሲገባ ክለቡ ሲቀዘቅዝ በእነዚያ ተማሪዎች ነው የሚኖረው። ግማሽ ዋጋ ሲያስተምር ግማሹን የሚከፍለው እሱ ነው። የእማዬ «እሱም ልጆች አሉት» እስከ ዛሬ ልክ ነው። ለዚህ ነው ዋጋ ከማስቀነስ አሠራሩን መቀየር የምመርጠው። ሦስት ልጆች አንድ ሰዓት አብረው ቢገቡ፣ ከአንድ ልጅ ዋጋ በላይ ከሦስቱ በታች ቢከፈል፣ የእሱ ሰዓት አይነካም፤ የቤቱም ኪስ ይተነፍሳል። አንዱ ሲጫወት ሁለቱ ይሰማሉ። መስማትም ልምምድ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ደወልኩላት። «እታለም፣ አግኝቼዋለሁ» አልኳት። «ትልቋን አስመዝግቢያት። ሁለቱ አብረው እየገቡ እንዲያዳምጡ አስተማሪውን እናነጋግረው፤ ለዚያ የሚጨመረውን እኔ እከፍላለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቋ ለትንንሾቹ ታስጠናቸው።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ደግሞ ትልቋ ሴት ልጅ ላይ ልትጭን ነው?» አለችኝ።

አልጠበቅኩትም። ያን ሁሉ ስለ ናነርል፣ ስለ ሊጥና ምጣድ አስቤ፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓቷን የወሰድኩት ከ12 ዓመት ልጅ ነው። እሷም ያን ጊዜ ልክ በዚያ ዕድሜ ላይ ነበረች።

«እሷ ተማሪ ትሁን» አለች እህቴ። «የቅዳሜው አስተማሪ አንተ ነህ። የተማርከው አንተ አይደለህ?»

ልክ ናት። ገና ምንም ያልተቀበለች ልጅ ላይ ዕዳ ስጽፍ ነበር፤ ቀድሞ የተቀበለው እኔ ሆኜ ሳለ። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ደክሞኝ፣ ከእኔ ሰፈር እስከ እሷ ሁለት ታክሲ ይዤ መሄድ ሊከብደኝ ይችላል። ቢሆንም የ24 ዓመት ውዝፍ ነው።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ልዘጋው ስል፣ «ቆይ እንጂ» አለችኝ። «ለልጆቼ ብቻ ነው እንዴ? እኔስ?»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ተማሪ አለኝ፤ ኪቦርዱ አንድ ነው። ጎረቤት እንዳንረብሽ ድምፁን ዝቅ አድርገን በተራ በተራ አሥራ አምስት ደቂቃ ይነካሉ። ትንሹ ተራ መጠበቅ አይችልም፤ መሐለኛው ሁሉንም ዜማ አፍጥኖ ይጨርሰዋል፤ ትልቋ ከአስተማሪዋ የሰማችውን እየጠቀሰች ታርመኛለች።

ተራው የሚጀምረው ከታላቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን እህቴ እጇን ታጥባ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ያቺን አሳየኝ» አለችኝ። «የቷን?» አልኳት። የዜማዋን ስም አታውቀውም፤ ያን ጊዜም የነገራት ሰው አልነበረም። አንጎራጎረችልኝ። በትዝታ ቅኝት የምትሄድ አጭር መለማመጃ ናት፤ እኔ ራሴ መሐሏን ረስቼዋለሁ። እሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሳትስት ጨረሰቻት።